ዘይት ሁሉ እንጨት አያሳምርም፤ በእጅ ለተሠሩ የእንጨት ዕቃዎች ስለሚቀባ ዘይት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በእጅ የተሠሩ የእንጨት ዕቃዎችን በዘይት ስለማሳመር የሚያትት አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ውድ ቫርኒሽና ሴለር መግዛት አያስፈልግም፤ ማእድ ቤት ያለ ማንኛውም ዘይት ይበቃል። አወፍሮ ቀብቶ ማሳደር ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ከተፈለገ ዘይቱን እሳት ላይ ማፍላት ነው። ዘይት የጠጣ እንጨት ውኃ አያስገባም፣ አይሰነጠቅም። አያቶቻችንም ቅቤ ሲቀቡ ኖረዋል። ዘይት ስለሚሸፍነው እንጨቱን አብዝቶ ማለስለስ ድካም ነው። የተቀባበትን ጨርቅ ለሚቀጥለው ሥራ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ቁጠባ ነው። አንዴ የተቀባ ዕቃ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሌላ አይፈልግም።

ጸሐፊው የተነሡበትን ሐሳብ እጋራለሁ። በመሮና በሞረድ ለተሠራ በርጩማ፣ ለገበታ፣ ለረከቦት፣ ለማማሰያ ዘይት ከማንኛውም ቅብ ይልቅ ይስማማል። ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ የሚነጠፍ ሽፋን ነው፤ ሲያረጅ ይላጣል፣ አንድ ቦታ ሲጎዳም አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መቀባት ይጠይቃል። በዘይት የተሠራ ዕቃ ግን የተጎዳው ቦታ ብቻ ተጠርጎና ተቀብቶ ይታደሳል፤ እጅም የሚነካው እንጨቱን ነው። ችግሬ ከዓላማው ጋር ሳይሆን ከምክሮቹ ጋር ነው። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የሚሠሩበት ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት በእጅ ገብቶ፣ ስንት ቀን ተለፍቶበት፣ በመጨረሻው ሰዓት በተሳሳተ ዘይት ሲበላሽ ማየት ያንገበግባል። ከምክሮቹ አንዱ ደግሞ ከእንጨትም አልፎ ቤት የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ዘይት የነካውን ጨርቅ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ቁጠባ ሳይሆን አደጋ ነው። እንደ ተልባ ዘይት ያለ የሚደርቅ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ነው። ኦክስጅኑን ሲወስድ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ፣ ፈሳሽ የነበረውም ጠጣር ይሆናል፤ እንዲያውም ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ይህ ለውጥ ሙቀት ይሰጣል። ዘይቱ ሳንቃ ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ ሙቀቱ ወዲያው ስለሚበተን ማንም አያስተውለውም። ጨርቅ ላይ ግን ዘይቱ በብዙ ክሮች ላይ ተዘርግቶ ብዙ አየር ያገኛል፣ የተጨማደደው ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሙቀቱ ለውጡን ያፋጥናል፣ የተፋጠነው ለውጥ ሌላ ሙቀት ይወልዳል፤ በሰዓታት ውስጥ የጨርቁ ክምር ከመካከሉ መጨስ ይጀምራል።

ይህ የወሬ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። እሳቱ የተነሣው 22ኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ መነሻውም የእንጨት ግድግዳ ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ነው። እሳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ፣ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሞቱ። እዚያ ያን ያህል ጉዳት ያደረሰ ነገር፣ የኛ ወርክሾፖች ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ወለሉ ሰጋቱራ ነው፤ ጥግ ላይ የቲነር ጀሪካን ተቀምጧል። በዚያ መካከል በፌስታል የታሰረ የዘይት ጨርቅ ማሳደር በፍጹም የማይደረግ ነገር ነው።

መፍትሔው ምንም ወጪ የለውም። ሥራ ሲያልቅ ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግቶ ውጭ፣ ድንጋይ ወይም የሽቦ አጥር ላይ፣ ሳይደራረብ ማስጣት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ደርቆ እንደ ካርቶን ሲገትር ለውጡ አብቅቷል፤ ያኔ መጣል ይቻላል። ግቢ የሌለው ሰው ጨርቁን ውኃ በሞላው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይንከረው። ዘይት የጠጣ ሰጋቱራም እንደ ጨርቁ ነው፤ ተጠርጎ ከረጢት ውስጥ አይታጨቅም። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉትም እንኳ ይህቺን አንዷን ምክር እንዲያርሟት አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።

ወደ ዘይቱ ምርጫ ልሂድ፤ የጽሑፉ ዋና ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊው ማንኛውም የምግብ ዘይት ለእንጨት እኩል እንደሚሆን አድርገው ጽፈዋል። ዘይቶች ግን በባሕርያቸው በሦስት ይከፈላሉ፤ የሚደርቁ፣ በከፊል የሚደርቁና ፈጽሞ የማይደርቁ። ይህን የሚወስነው በዘይቱ ውስጥ ኦክስጅን ሊያስተሳስረው የሚችለው የስብ ዓይነት ብዛት ነው፤ ኬሚስቶች የአዮዲን ቁጥር በሚሉት መለኪያ ይለኩታል። የተልባ ዘይት ከ170 እስከ 200 ገደማ ይደርሳል። የኛ ቅባኑግ ከ125 እስከ 150 አካባቢ ነው። የወይራ ዘይት ከ75 እስከ 95፣ የፓልም ዘይት 50 ገደማ ነው፤ ቅቤ ደግሞ በአብዛኛው ከ40 አይዘልም። ከ150 በላይ ያለው በአየር ይደርቃል፤ ከ100 በታች ያለው ዓመትም ቢቆይ ፈሳሽ ወይም ቅባት ሆኖ ይኖራል።

ልዩነቱን ለማየት ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። የመስኮት መስተዋት ቁራጭ ላይ የተልባ ዘይት፣ ቅባኑግና ከሱቅ የተገዛውን የፓልም ዘይት በጣት ጫፍ እየነኩ ጎን ለጎን ስስ አድርጎ መቀባት ነው። መስተዋቱ ብርሃንና አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ከሳምንት ገደማ በኋላ የተልባው ዘይት ጣት ሲነካው አሻራ የማይቀበል፣ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ቀጭን ፕላስቲክ የሚነሣ ሽፋን ይሆናል። ቅባኑጉ በዚያን ጊዜ ገና ጣት ይይዛል፤ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። የፓልሙ ዘይት ግን እንደተቀባ ነው፤ ወይም ብርድ ከሆነ ነጭ ሆኖ ረግቷል። እንጨቱ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የማይደርቅ ዘይት የተቀባ ረከቦት በመጀመሪያው ቀን ያብረቀርቃል። ከዚያ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከፊሉም ከሚነካው ጨርቅና እጅ ጋር ይሄዳል፣ ውስጥ የቀረውም ቆይቶ ይሻግታል። አሮጌ የዘይት ሽታ ያለው የእንጨት ዕቃ ያጋጠመው ሰው ከምን እንደመጣ ይወቅ።

የመስተዋቱ ሙከራ ሌላም ጥቅም አለው። ከመጭመቂያ ቤት የተገዛ የተልባ ዘይት ከሌላ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ለጤና ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም አንዳንዱ እንዳይሻግት መከላከያ ተጨምሮበታል። መከላከያው ኦክስጅንን ስለሚከለክል ዘይቱ ለመድረቅ ይዘገያል። ስለዚህ አዲስ ዘይት በገዛችሁ ቁጥር ዕቃው ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት መስተዋቱ ላይ ሞክሩት።

የጸሐፊው ምክር ለቅባኑግ ሲሆን በከፊል ትክክል ነው፤ ይህን አልክድም። የኢትዮጵያ ኑግ ዘይቱ ሊኖሌይክ በተባለው የስብ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ከስቡ 70 በመቶ ያህሉ እርሱ ነው። ስለዚህ እጅግ ስስ ሆኖ ከተቀባና ሰፊ ጊዜ ከተሰጠው ይደርቃል። ግን ሳይጠራ እንደተጨመቀ የመጣ ቅባኑግ አተላ አለው፤ አተላው እንጨቱ ላይ ይቀርና አቧራ ይይዛል። ጠርሙሱን ለብዙ ቀናት ሳይነኩ አስቀምጦ፣ ጠልሎ ሲወጣ ከላይ ያለውን ብቻ በጥንቃቄ መቅዳት ያስፈልጋል። ተልባ ካለ ግን ተልባ ይሻላል፤ በስቡ ውስጥ ከግማሽ በላይ ያለው ሊኖሌኒክ የተባለው አሲድ ከሁሉ ፈጥኖ ኦክስጅን የሚይዝ ነውና። ተልባ ከአርሲና ከባሌ እስከ ጎጃም የሚበቅል የገዛ እህላችን ስለሆነ የውጭ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት የለብንም።

ቅቤን በተመለከተ ጸሐፊው የአያቶችን ልማድ ጠቅሰዋል። በርግጥ አሮጌ በርኩማዎች (ተኝተው ራስ የሚያሳርፉባቸው የእንጨት ትራሶች) ላይ የሚታየው ጥቁርና ጥልቅ ወዝ ቅቤ ከተቀባ ፀጉር ጋር የተያያዘ ነው። ያ ወዝ ግን የቅቤ ብቻ ሥራ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት በየሌሊቱ አንገት የታሸበት፣ የጎጆ ጭስ የጠጣ፣ በእጅ መዳፍ የተወለወለ እንጨት ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ቅቤውን ብቻ ነጥሎ አዲስ በርጩማ ላይ መቀባት የበርኩማውን ወዝ አይሰጥም፤ የሚያገኘው ቅባታም መቀመጫና የተበላሸ ልብስ ነው።

የአያቶቻችንን ዕውቀት መጥቀስ ከተፈለገ ለዚህ ጉዳይ ከቅቤ ይልቅ ምጣድ የተሻለ ምስክር ነው። አዲስ ምጣድ የሚሟሸው በጎመን ዘር ነው። የተወቀጠው ጎመን ዘር የጋለው ምጣድ ላይ ሲታሽ ዘይቱ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ከሸክላው ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው አይዝም። ቅባት የነበረው ዘይት ጠንካራ ሽፋን ሆኗል ማለት ነው። የሚያሟሹት እናቶች ብዙ ዘይት አያንጣልሉበትም፤ በስሱ እያሹ፣ እየጠረጉ፣ እየደጋገሙ ነው የሚሠሩት። ምጣዱ ላይ እሳት በአጭር ጊዜ የሚሠራውን እንጨት ላይ አየር በሳምንታት ይሠራዋል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ስስ፣ ተደጋጋሚ፣ ትዕግሥት ያለው።

ይህ ደግሞ አወፍሮ ቀብቶ ማሳደር ወደሚለው ምክር ያመጣኛል። በቅርቡ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩትን የዋንዛ ረከቦት ይዘውልኝ መጡ። ሠሪው የሱፍ ዘይት አወፍሮ ቀብቶ፣ ሳይጠርግ አሳድሮ ነበር ያስረከባቸው። ወራት አልፈውታል፤ ላዩ ግን ገና ጣት ይይዛል። ሲኒዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ አሻራ ወጥቶበታል፤ የከሰሉ አመድና የቄጤማው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል። እናትየው በየጊዜው በሳሙና ሲያጥቡት ኖረው፣ እንጨቱ መጥፎ ነው ብለው ደምድመዋል። እንጨቱ ግን ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ዋንዛ ነው።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። ዘይት ሲወፍር አየር የሚያገኘው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው። የተልባ ዘይት ቢሆን ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ከሥሩ ያለው ግን ኦክስጅን ስለተቆረጠበት ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል፤ ቆዳውም ውሎ አድሮ ይሸበሸባል። እንደ ሱፍ ያለ በከፊል የሚደርቅ ዘይት ቢሆን ደግሞ ቆዳ እንኳ አያወጣም፣ ሙጫ መስሎ ይቀራል። እንጨት የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው። በሳንቃው ጎን በኩል ዘይት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ያህል ቢገባ ነው፤ ጠልቆ የሚገባው በመጋዝ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ሌሊቱን ሙሉ መተው ይህን አይለውጠውም።

ስለዚህ የኔ አሠራር ይህ ነው። ዘይቱን በጨርቅ አርሶ ዕቃውን በሙሉ መቀባት፤ ፈጥኖ የሚመጥ ቦታ ካለ፣ በተለይ የበርጩማው እግር ጫፍና የገበታው ጠርዝ፣ እየደጋገሙ ማርጠብ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ላዩ ላይ የቀረውን ሁሉ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማውጣት። ሁሉን ስል ሁሉን ማለቴ ነው፤ መዳፍ ሲያልፍበት ርጥበት ሊሰማ አይገባም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ማየትም ያስፈልጋል። የዋንዛ ቀዳዳዎች በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ የጠጡትን ዘይት መልሰው ያወጡታል፤ ጎንበስ ብሎ ከብርሃኑ ትይዩ ለሚመለከት ሰው ከየቀዳዳው አፍ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ይታዩታል። እነርሱ ካልተጠረጉ እዚያው ደርቀው ሻካራ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ቀጣዩ እጅ የሚቀባው የመጀመሪያው ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ለንጹሕ የተልባ ዘይት ይህ ብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ነው። ሦስት እጅ ይበቃል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ጥድ የራሱ መዓዛማ ዘይት አለው፤ ያ ዘይት የሚቀባውን ሊያዘገየው ስለሚችል ለእርሱ ሰፋ ያለ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

የእናትየው ረከቦት ድኗል። የሚያጣብቀውን ዘይት ቲነር በነካ ጨርቅ እየደጋገምኩ አላቀቅሁ፣ የቀረውን በስለት ፋቅሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ፣ ከዚያ በተልባ ዘይት በስሱ ጀመርኩ። ሥራው ዕቃውን መጀመሪያ በትክክል ከመቀባት እጅግ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ዘይቱን ቤት ውስጥ ማፍላት የሚለውን ባጭሩ ላንሣው። በቀለም መሸጫ ሱቆች ያለው ፈጥኖ የሚደርቅ የተልባ ዘይት ፍጥነቱን የሚያገኘው ከተጨመሩበት የኮባልትና የማንጋኒዝ ጨዎች ነው። ድስት ላይ ማፍላት እነዚህን አይጨምርም። የሚጨምረው ጭስና የእሳት አደጋ ነው፤ የጋለ ዘይት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ተኑ እሳት ሊይዝ ወደሚችልበት ደረጃ ይቃረባል፣ በከሰልም ሆነ በቡታጋዝ ላይ ያንን መቆጣጠር አይቻልም። ፈጠን እንዲል ለሚፈልግ ሰው ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት መንገድ አለ። ዘይቱን ዝርግ በሆነ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ስስ አድርጎ አፍስሶ፣ አቧራ እንዳይገባ አየር በሚያሳልፍ መልኩ በመስተዋት ከድኖ፣ ፀሐይ ላይ ለሳምንታት ማስቀመጥና አልፎ አልፎ ማማሰል ነው። ዘይቱ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይፈካል፣ ሲቀባም ቀድሞ ይደርቃል። የበጋ ፀሐያችን ለዚህ የተመቸ ነው።

ዘይት እንጨትን ከውኃና ከመሰንጠቅ ይከላከላል መባሉ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ የሚገኘው የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ልዩ ልዩ ቅቦች የአየር እርጥበት ወደ እንጨት እንዳይገባ ምን ያህል እንደሚያግዱ ፈትኗል። የተቀቡት ሳንቃዎች እርጥበት በበዛበት ክፍል ውስጥ ለ14 ቀናት ተቀመጡ። የተልባ ዘይት የተቀባው ካልተቀባው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ የተነከረው ግን ከ90 በመቶ በላይ አግዷል። ዘይት ያፈሰሱበትን ጠብታ ለጥቂት ጊዜ ያንከባልላል፣ ቡና ሲደፋ ፈጥኖ ለመጥረግ ፋታ ይሰጣል፤ ከአየር የሚመጣውንና ወደ አየር የሚሄደውን እርጥበት ግን አያቆምም።

መሰንጠቅ የሚመጣው ከዚያ እርጥበት መግባትና መውጣት ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ብዙ ጊዜ እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው የሚጠረበው፤ ለመጥረብ ይቀላልና። ጅማ እርጥበት ያለው አገር ነው። በርጩማው አዲስ አበባ ሲመጣ ይደርቃል። በሻንጣ ተጭኖ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሲሄድ፣ ክረምቱን ሙሉ በማሞቂያ በሚደርቅ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ በእንዲህ ያለ ቤት እንጨት እስከ 6 ወይም 8 በመቶ እርጥበት ድረስ ይወርዳል። ያኔ ከመቀመጫው መሐል እስከ ጠርዙ ይተረተራል። ባለቤቱም ዘይት ሳልቀባው ቀርቼ ነው ብሎ ይቆጫል። ዘይት ቢቀባው ኖሮም ይሰነጠቅ ነበር። የሚረዳው ሌላ ነው፤ የተጠረበውን ዕቃ ከመጨረሻው ልስላሴ በፊት ጥላ ላይ ለወራት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው፣ በተለይም እርጥበት ፈጥኖ የሚወጣባቸውን የተቆረጡ ጫፎች በቀለጠ ሰም መድፈን። ውጭ አገር ያላችሁም ዕቃውን ከማሞቂያው አርቁት፤ የመጀመሪያውን ክረምት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ብታቆዩት ድርቀቱ ይዘገይለታል።

ዘይት ስለሚሸፍን ማለስለስ አያስፈልግም የተባለው የእውነት ተቃራኒ ነው። ሽፋን የሚሆነው ቀለም ነው፤ ዘይት ያጋልጣል። ደረቅ ሆኖ ሳለ የማይታይ የሞረድ ጭረት ዘይት ሲነካው ጠቁሮ ብቅ ይላል፤ በተለይ ከእንጨቱ መስመር በተቃራኒ የተጫረው። በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ፣ በ180 አልፎ፣ በ220 መጨረስ ነው፤ ሁልጊዜም በእንጨቱ መስመር። ከመጨረሻው በፊት ዕቃውን እርጥብ በሆነ ጨርቅ አብሶ ማድረቅና ብቅ ብሎ የቆመውን የእንጨት ጭራ በቀስታ ማንሣት፣ ወደፊት ውኃ ሲነካው እንዳይሻክር ያደርገዋል። ጠራቢው ሆነ ብሎ የተወውን የመሮ አሻራ ግን አትንኩት፤ ዘይት ያሳምረዋል።

ከምግብ ጋር ስለሚነካካ ዕቃ ጸሐፊው ልዩነት አላደረጉም፤ እኔ አደርጋለሁ። ለገበታ፣ ለማማሰያና ለማንኪያ የኮባልትና የማንጋኒዝ ጨው የተጨመረበትን የቀለም ሱቅ ዘይት አልጠቀምም፤ ንጹሕ የተጨመቀ የተልባ ዘይት እያለ ምክንያት የለኝም። ያንንም ቀብቼ ወር ያህል አቆየዋለሁ። አፍንጫ ሲጠጋው የዘይት ሽታ ካለው ገና ነው። መጠበቅ ለማይችል ሌላ አማራጭ አለ፤ ከፋርማሲ የሚገዛ የፓራፊን ዘይትና የማር ሰም። አራት እጅ ዘይትና አንድ እጅ ሰም በሚዛን ለክቶ፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ማቅለጥ ነው፤ ሰሙ 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ቀጥታ እሳት አያስፈልገውም። ሲቀዘቅዝ ልስልስ ቅባት ይሆናል። የፓራፊን ዘይት አይደርቅም፣ ግን አይሻግትምም፤ ስለዚህ ዕቃው ሲገረጣ እንደገና መቀባት እንጂ ሌላ ጣጣ የለበትም። ጠጅ የሚጥሉ ቤቶች ያለው ሰፈፍ ሲነጠርና ሲጠለል ጥሩ ሰም ይወጣዋል፤ ጧፍ የሚሠራበት ሰም ይኸው ነው።

የቀረው አንዴ የተቀባ ዕቃ ሌላ አይፈልግም የሚለው ነው። ይፈልጋል፤ የዘይት ጥቅምም እዚያው ላይ ነው፣ ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው ይችላልና። ረከቦቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ አድርጉና ተመልከቱ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ዕቃው ደህና ነው። ወዲያው ከተነጠፈና እንጨቱን ካጠቆረው በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ፣ አንድ ቀን አድርቃችሁ፣ አንድ ስስ እጅ ጨምሩበት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ጠርጉት። ይህን ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ብታደርጉት ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ መድረቁን ያዘገየዋል፤ ግድ ከሆነ ዕቃውን ብርሃን የሚያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጡና የተለመደውን ጊዜ እጥፍ ስጡት። የተልባ ዘይት ጨለማ ውስጥ ሲደርቅ ቢጫ ይሆናልና ሳጥን ውስጥ አትዝጉበት። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ደግሞ ውጭ ዘርጉት።